የታክሲ ብር

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ገና ሳይነጋጋ፣
የመስቀል አደባባይ ደረጃ ሲዘረጋ
ትልም በትልም ሆኖ፣ እንደ ታረሰ ማሳ፣
ቁልቁል እመጣለሁ፣ በጨለማው፣ ከፒያሳ፤
ደረቅ ቆሎ ቆርጥሜ፣ ውሃ ተጎንጭቼ፣
ሃምሳ ብር ካልሲዬ ውስጥ አጣጥፌ ከትቼ።

ለምን እንደያዝኳት ማንም አልጠየቀኝ።
ለሙዝ አይደለችም። ለሻይ አይደለችም።
ለታክሲ ናት እሷ፣ ለዚያች ቅጽበት ናት፣
«በቃ፣ አልችልም» ብዬ የማፈገፍግባት።

ሩጫ እንደ ውሃ በሚጠጣበት አገር
ቀርፋፋ መሆንን ለማን ልናገር?
ልጆቹ ያልፉኛል፣ ነፋስ ነው ኮቴያቸው፣
እንኳንስ እነሱ ላይ፣ አልደርስ ከጥላቸው።
«አይዞሽ እትዬ» ይላል አንዱ፣ ሳይቆም፣
ማዘኑ ነው እንጂ ማበርታቱ አይደለም።

እኔ ፖስታ ቤት ነኝ፣ ቸርችል ጎዳና፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ ይኸውና፣
ጥቅል እመዝናለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣
«ደርሷል» ነው የሚለው። በቀን ስንቴ እላለሁ?
ከጅማ፣ ከደሴ፣ ከባሌ፣ ከጎሬ፣
ሁሉ ደረሰ፤ እኔ እዚያው፣ ከወንበሬ።

መቶ ኪሎ ሜትር! ሳስመዘግብ ስሜን
ጸሐፊዋ አየችኝ፣ ጫማዬን፣ ዕድሜዬን።
«ለልጅሽ ነው?» አለች። «ለራሴ ነው» አልኩኝ፣
ድምፄ ግን ተሰብሮ እዚያው አሳጣኝ።

ዙሩን እንዳልስተው፣ ከመሥሪያ ቤት ያመጣኋቸው
የደብዳቤ ላስቲኮች አሉኝ፣ ሠላሳ ናቸው፤
ደረጃውን ከዳር ዳር በጨረስኩ ቁጥር አንዱን
ከግራ አንጓዬ አውጥቼ አጠልቃለሁ ቀኙን።
ሠላሳው ሳይሻገሩ፣ ስድስቴ ብሯን መዝዣለሁ፣
ስድስቴ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ባዩን ተከትያለሁ፣
መስኮት ተደግፌ፣ ላቤ እየደረቀ፣
ማንም ሳያየኝ ፊቴ እየተሳቀቀ።

ከዚያ ሐምሌ ነው። ቅዳሜ። ዝናብ።
ደረጃው ሙልጭልጭ፣ ሰማዩ እንደ ጣሪያ ቅርብ።
ስድስት ሰዓት ልሮጥ ወስኜ ነው የመጣሁ፤
ሦስቱን እንደጨረስኩ ያንን ልጅ አየሁ፣
ኦብሳ የሚሉትን፣ «አይዞሽ» ባዩን፣ ፈጣኑን፣
ባቱ ተሸማቆ ሲራገም ቀኑን።
(ስሙ በቋንቋቸው ትዕግሥት ነው አሉ፤
ሲያልፈኝ ግን አይመስልም፣ እውነቱን ለመናገር።)

እግሩን ስቤ አሸሁለት። ጥርሱን ነከሰ እንጂ አልጮኸም።
«ሰፈርህ የት ነው?»
«ሽሮ ሜዳ።»
«የታክሲስ?»
ዝም።

ካልሲዬን ዝቅ አድርጌ የራሰችውን ኖት
እጁ ላይ አኖርኳት።
«አንቺስ፣ እትዬ?» አለኝ። «እኔማ» አልኩት እንደ ዋዛ፣
«ገና ሦስት ሰዓት ይቀረኛል»፣
ልክ ጉሊት ወርጄ ጎመን እንደምገዛ።

አራት ላስቲክ ካሻገርኩ በኋላ ነው የገባኝ።
ቆምኩ። ካልሲዬን ዳሰስኩ። ባዶ። ሳቅ መጣብኝ።
የማመለጫ በሬን በገዛ እጄ ዘግቼ፣
ቁልፉን ለማላውቀው ልጅ ሰጥቼ፣
አራት ዙር ሙሉ፣ ፍርሃቴን ሳልፈልገው፣
እሱም እኔን ሳይፈልግ፣
ሮጫለሁ!

ደውል አልተደወለም። ደመናው አልተገፈፈ።
ቀኝ ጉልበቴ እንደ ወትሮው ይጠዘጥዛል፤
ጫማዬ ውሃ ጠጥቶ እንደ እንቁራሪት ይንቋረራል።
መቶውን ልጨርስ አልጨርስ ዛሬም አላውቅም።
ግን ያቺ ጥያቄ፣ «አንቺን ብሎ ሯጭ?» የምትለዋ፣
ከልጁ ጋር ታክሲ ይዛ ሄዳለች መሰለኝ፣
ወደ ሽሮ ሜዳ።

በስድስተኛው ሰዓት፣ ሽቅብ፣ በቸርችል፣
በተዘጋው ፖስታ ቤት በር፣ በእግሬ፣ ቀስ ስል፣
ሠላሳው ላስቲክ ሁሉ በቀኝ አንጓዬ ላይ ነበር፣
ቆዳዬን ቀይ ለብልቦ፣ መስመር በመስመር።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ፣ ደረሰኝ በእጃቸው፣
በመስኮቱ አሾልቀው አዩት፣ ገረማቸው።
«ማኅተም ነው እንዴ ልጄ፣ አንቺ ላይ ያረፈው?»
«አዎ አባቴ። ግን ‹ደርሷል› አይልም።»
«ምን ይላል ታዲያ?»
እጅጌዬን ጎተትኩና ጥቅላቸውን መዘንኩ፤
«ሁለት ኪሎ ከሩብ» አልኩ።