ከዐሥራ ስምንት በታች

በክሪሽናናጋር፣ በክረምቱ ማታ፣
ትኬት ስቀድ ነበር፣ ከሲኒማው በራፍ፣ ከለመድኩት ቦታ።

ኒስታሪኒ መጡ፣ ነጭ ሳሪ ለብሰው፣
የልጅ ልጃቸውን፣ የጁቲካን ፀጉር፣ በጫፉ አብሰው።

ፊልሙ የጥንት ነው፣ ጭረት የበዛበት፣
ስለ ሕፃን ሙሽራ፤ «ለአዋቂ ብቻ» የሚል ማኅተም ያለበት።

«እማማ፣ ይለፉ። ልጅቷ ትመለስ፤
ዐሥራ ሁለት ዓመቷ! ለዚህ ዓይነት ነገር እስክትደርስ ትታገሥ።»

የሳቁ መሰለኝ፤
ለካ ሳል ኖሯል።
ትኬታቸውን ግን እጄ ላይ አኖሩት።

«በዐሥራ አንድ ዓመቴ፣ በበሬ ጋሪ ላይ ጭነው ሲያመጡኝ፣
የሸክላ አሻንጉሊት ከጉያዬ ነበር፤ እሷንም ነጠቁኝ።
የባሌ ቤት ደጃፍ ሰው ሞልቶት ነበረ፤
ብራህማን፣ አጎቶች፣ ፋኖስ የያዘ ልጅ፣
ሁሉም መርቆ አሳለፈኝ እንጂ፣
እንዳንተ በር ይዞ፣ ‹ልጅ ናት፣ ትመለስ› የሚል፣
አንድ ሰው አልነበረ።»

ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ የፊልሙ የሠርግ ከበሮ ጀመረ።
እሳቸው አልገቡም።
ጁቲካን ይዘዋት፣ ጣፋጭ ሊገዙላት፣
በጭቃው መካከል፣ ቀስ ብለው፣ መንገድ ተሻገሩ።
ትኬቱ፣
ዝናብ እንደነካው፣ ሳልቀደው፣
እጄ ላይ ቀረ።