የሞቀ አግዳሚ

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ፤
እሑድ ሲነጋ የሸኖን ውርጭ እየሰበርኩ እወጣለሁ ከቤቴ።
ሦስት ሰዓት ስከፍተው የኦሮምኛው ጉባኤ ይገባል፣
አምስት ሲሆን ይወጣል፤ የአማርኛው ይተካል።
በመሐል አሥር ደቂቃ፤ እሷ የመጥረጊያና የራሴ፣
የተረሳ መነጽር፣ የሕፃን ካልሲ ያድራል ከኪሴ።
በር ላይ ይተላለፋሉ፤ ሰላምታ በአንገት፣ ሰበር አርጎ፣
የአንዱ መዝሙር ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል ጉሮሮውን ጠርጎ።
አግዳሚው ሁልጊዜ ሞቆ ነው የሚቆያቸው፤
በዚያ ብርድ ማን አሞቀው ያለ የለም ከመካከላቸው።

ሰኔ ላይ በረዶ ወርዶ የዛገውን ጣሪያ ወንፊት አድርጎ በሳ፤
ጣሪያው አንድ፣ የመባ ሣጥኑ ሁለት፣ «ማን ይክፈል» የሚል ነገር ተነሣ።
ሽማግሌዎች ሦስት ማታ ተቀመጡ፤ ሻማዎች አለቁ፤
በአራተኛው ኦቦ ሂርጳ ዝም ብለው ሄደው የቆርቆሮ ዋጋ ጠየቁ፣
አቶ ጥሩሰው ምስማር ገዙ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት፣ አንድ መድረክ ተባለ፤
ደስ ያለው ነበር፤ ያኮረፈም አልታጣ፣ «ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ» ያለ።

አንድ አዳራሽ ገብተውም መሐል ላይ መተላለፊያው ቀረ፤
ግራው በኦሮምኛ፣ ቀኙ በአማርኛ፣ እንደ እርሻ ድንበር የተከበረ።
ሌንሴ አስተርጓሚ ሆነች፤ ቅቤ ነጋዴ ናት፤
በሁለቱም ቋንቋ ስትከራከር ነው ያደገች፣ ገበያው አስተማራት።
መጋቢው አንድ ይላሉ፣ እሷ አንድ ትላለች፤ ስብከቱ እጥፍ ረዘመ፤
ልጆች አግዳሚ ሥር ተኙ፣ የእትዬ ይርገዱ ጉልበት ታመመ።
ሳቅ እንኳ ሁለቴ ነው፤ ቀልዱ በኦሮምኛ ሲወጣ
ግራው ስቆ ይጨርሳል፤
ያኔ ነው የቀኙ ሳቅ እያነከሰ የሚመጣ።
«አሜን» ትርጉም አይፈልግም፤ እሱም ሁለቴ ተባለ፤
ሁሉም በቋንቋው እስኪደርሰው እየጠበቀ ዋለ።

ኅዳር ውስጥ እትዬ ይርገዱ ተነሡ፤ ልጃቸው ሆስፒታል ተኝቷል፤
«ጸልዩልኝ» አሉ፣ «ሆዴን ባር ባር ብሎታል።»
ሌንሴ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ሚዛን እንደጠፋባት ነጋዴ ቆመች፤
«ገራ» ብቻ አለች፤ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።
ለካ በዚያኛውም ወገን ኀዘን ሆድ ውስጥ ነው የሚያድር፤
ስሙ ነው እንጂ የተለየው፣ ጎተራው አንድ ነበር።

ኦቦ ሂርጳ አልጠበቁም፤ ከግራው ጥግ ተነሡና
«አባ ኬኛ» ብለው ጀመሩ፣ በዚያ በሬ በሚነዱበት ቃና።

ኬኛ! ይቺ ቃል ገበያ ስትወጣ ስንቱን አኮራረፈች፤
መሬት ላይ፣ ታፔላ ላይ፣ ከተማ ላይ ስትለጠፍ ስንቱን አቃቃረች።
የኔም ጆሮ ስትሰማት ትቆማለች፣ መዋሸት አልፈልግም፤
ከ«አባት» ኋላ ስትቆም ግን እንዲህ መሆኗን አላውቅም።
እኛስ «አባታችን» ስንል ያቺ «ችን» የማን ነበረች?
የሦስት ሰዓት ናት የአምስት? ከየትኛው ሣጥን ወጣች?

እትዬ ይርገዱ በአማርኛ ያዙት፤ አንዱ በሌላው ላይ ተረማመደ፤
ጸሎቱ ተደነቃቀፈ፣ ተጋፋ፣ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ሄደ።
ሌንሴ ማይክራፎኑን እንደያዘች የምትተረጉመው አጣች፤
«አሜን» ላይ ተገጣጠሙ፤ ከጣሪያው ሥር ያደረች ድንቢጥ ደንግጣ ወጣች።

ሁሉም ተቃና አልልም፤ መዝሙር ሲመረጥ ዛሬም ይጨቃጨቃሉ፤
ያኮረፉት ሁለት ቤተሰብ ደብረ ብርሃን እንደሄዱ አሉ።
የእትዬ ይርገዱ ልጅ ዳነ፣ ግን እግሩ ያነክሳል፤
የቀኙም ሳቅ እንደሱ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል።

እኔም አሥር ደቂቃዬን አጣሁ። አግዳሚውም ቀዝቃዛ ሆነ፤
ቀድሞ ገብቶ የሚያሞቀው የለም፤ ብርዱ ለሁሉም እኩል ተመጠነ።
እንግዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፣ መክፈትና መጥረግ፣ በቃ፤
በሩን ስዘጋ እላለሁ፦ «ጠጋ በሉ»፣ «ኢቲ ሲቃ»።