መቶ የፉል ሳህን

ከዚራ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ ያረጀ ጋራዥ ነው ሥራ ቤታችን፤
የሟች ፔጆ ዘይት ሽታ ዛሬም አልለቀቀም ከግድግዳችን።
አንድ እቶን አለን፣ አንድ በርሜል ጭቃ፣ ሦስት ጆንያ ጄሶ፤
ብድርም አለ፣ ወር በመጣ ቁጥር የሚሄድ ቆንጥሶ።
እኔ አለሁ። ሆዳን አለች።

ነስረዲን መጣ ከመጋላ፣ ባለ ፉል ቤቱ፤
«መቶ ሳህን» አለ፣ «ረመዳን ሳይገባ። አንድ ይሁን ልኬቱ።»
ቀብዱን ቆጥሮ ሰጠን። ባጃጁ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ፤
የእኔና የሆዳን ሰላም ያን ቀን ከሰዓት ተናደ።

«እናፍስሰው» አለች። «ጭቃውን እናቅጥነው እንደ አጥሚት፤
ጄሶው ውሃውን ይጠጣል፣ ለእኛ ይቀራል ስስ ቅርፊት።
የተረፈውን መልሰን እንገለብጥና፣ ከንፈሩን ከርክመን
መቶ መንትያ እናወጣለን፣ እጃችንን ታጥበን።»

እኔ ቆጠርኩ፦ አንድ ፎርማ በቀን ሁለቴ ቢወልድ ነው፤
በሦስተኛው ይጠግባል፣ በጉሮሮው ጠብታ አያልፈው።
መቶ ለማድረስ ስንት ፎርማ? ለስንት ፎርማ ስንት ጄሶ?
ደግሞ ያ በጠብታ የሚለካው ማቅጠኛ፣ ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ ደርሶ…
«ጉብታ ይበቃናል» አልኩ። «ጭቃውን በመዳመጫ ዳምጠን፣
እንደ ሻሽ ጣል እናድርግባት፣ ዙሪያውን በእርጥብ ስፖንጅ ደባብሰን።»

አልተስማማንም። እያንዳንዳችን በየራሳችን ሞከርን።

አምስት ጉብታ አለበስኩ። መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቆመ።
የድሬ ቀትር በቆርቆሮው ላይ እንደ ሰው ተጋደመ።
ለጥቂት ብዬ ሳብያን ደርሼ ስመለስ፣ አምስቱም ከከንፈራቸው
እስከ እንብርት ተተርትረዋል። ጄሶዋን አጥብቀው ማቀፋቸው
ነው የገደላቸው።
ሆዳን አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

የእሷ ሦስቱ ግን አማሩ፤ ብርሃን ያሳልፉ ነበር ከስስነታቸው።
ተሸክማ መጋላ ወረደች፣ በጋዜጣ ጠቅልላቸው።
ነስረዲን ፉል ጨለፈበት፤ ኩባያ ገለበጠ፣ በቂጡ ደቆሰ፤
አንድ፣ ሁለት —
ቀጭ።
ዘይቱ በጠረጴዛው ላይ እስከ እጅጌው ድረስ ፈሰሰ።
«ያምራል» አላት፣ እጁን እየጠረገ። «ግን እህቴ፣ ፉል ይደቆሳል።»

ጎረቤት አሉን፣ አቶ ጉርሜሳ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፤
ዕድሜያቸውን ብረት ሲያፈሱ የኖሩ፣ ዛሬ የዶሚኖ ዳኛ።
የተተረተሩትን አዩ። አንዱን በጥፍራቸው መቱ።
«ልጄ፣ ጭቃ ሲደርቅ ያንሳል። ሲያንስ ያቀፈውን ያንቃል።
ጉብታሽን ገልብጪያት፤ ጎድጓዳ ውስጥ ቢተኛ ራሱ ይለቃል።
ሳሙና ቀቢና ጄሶ በጄሶ ላይ አፍስሺ» ብለው ወጡ፤
ዶሚኖው ይጠብቃቸው ነበር፣ ሻይ እንኳ አልጠጡ።

ስምንት ጎድጓዳ አወጣን። ጭቃውን በአውራ ጣቴ እየገፋሁ
ከመሀል ወደ ከንፈር፣ ወፍራም፣ ድቆሳ የሚችል አነጠፍኩ።
ሆዳን ዝም ብላ ቆይታ መቀስ አነሣች፣ የቢጫ ጀሪካን ጎን ቀደደች፤
የሳህን ሆድ ግማሹን ቅርጽ — ያችን እየያዘች
ከእኔ ኋላ በየሳህኑ ውስጥ አንድ ዙር ትዞራለች፤
የጣቴን ጉድጓድ ሁሉ ሞላችው። «ልኬቱ አንድ ይሁን ተብለናል» አለች።
ቂጡ ላይ ግን፣ ቀለበቱን በለጠፍኩበት፣ ጣቴን ተወችልኝ።

ከሰዓት ሲሆን ሳህኖቹ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ከጄሶው ግድግዳ
ፀጉር የምታክል ክፍተት ትተው ቆመዋል፣ እንደሚወጣ እንግዳ።

ከመቶ አራት ሠራን፣ ዘጠና ሰባት ከእቶን ወጣ።
ነስረዲን ሦስቱን ከሂሳብ ቀነሰ፤ ብዙም አልተቆጣ።
የሆዳን ማፍሰሻ ፎርማ መደርደሪያው ላይ ነው፣ በላስቲክ ታስሮ፤
«ለሻይ ኩባያ» ትላለች። እኔም አልከራከርም ዘንድሮ።

በመጀመሪያው አፍጥር ማታ ከፉል ቤቱ ጓሮ ቆምን፤
ድቅ፣ ድቅ፣ ድቅ፤ የሃያ ኩባያ ድቆሳ በአንዴ ሰማን።
ሆዳን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤
የምንፈራት «ቀጭ» አልመጣችም። ገና ናት፤ ትመጣለች።