ለገሃር

ሊፍቱ ከተኛበት ፎቅ፣ ከቸርችል ጎዳና በላይ፣
የአቶ ወልደየስ ሸክላ ተከምሯል ጠረጴዛዬ ላይ።
ባቡር ነጂ ነበሩ። ልጃቸው በኩርቱ ፌስታል አመጣው፤
የኔ ፋንታ ርእሱን በጋራው መዝገብ ላወጣው።

«ላ ፕቲት ቫሊዝ ዦን» ይላል አንዱ፤ ትንሿ ቢጫ ሻንጣ።
ደንቡ የፈረንሳይ ነው፤ አሽከር ከፊት ከመጣ፣
እስከ ጌታው ድረስ ያለው ሁሉ ከወንበሩ ይነሣ፤
ከጌታው ኋላ የመጣ ቁጭ ይበል፣ ቀለሙ እስኪረሳ።

ስለዚህ «ላ» ቆመች፣ ሻንጣዋ ቆመች፣ ትንሽነቷም ቆመ፤
ቢጫው ተቀመጠ። ምን በደለ? ማንንም አልቀደመ።

ሌሊት አንድ የማላውቀው እጅ ሁሉንም አስቀመጠ።
ጠዋት አስነሣሁ።
ማታ መልሶ አስቀመጠ።

እማዋይሽ፣ ከሊሴ የተረፋት ፈረንሳይኛ ይዛ፣ ሣቀች፤
«የኛ ፊደል ለማን ተነሥቶ ያውቃል?» አለች።
«የንጉሥ ‹ን› እና የንፍሮ ‹ን› እኩል ነው ቁመቱ፤
ሰው ማክበር ሲያምረን አንዱን እናበዛለን፦
መጡ፣ በሉ፣ ሞቱ።»

ሸክላውን ገለበጥሁት። ሽፋኑ ላይ፣ በእርሳስ፣ በሟቹ እጅ፣
«ላፕቲትቫሊዝዦን»፤ ፉርጎ በፉርጎ የተቀጠለ እንጂ
ቋሚም ተቀማጭም የለው።

ከመስኮቱ ሥር ወያላው ይጮኻል፦
«ለገሃር! ለገሃር! አንድ ሰው!»
ያንን የፈረንሳይ ጣቢያ፣ አሽከሩን ከነጌታው፣
ባንድ ትንፋሽ ጠቅልሎ።
ማንም አላረመው።

እኔ ግን ነገ ጠዋት አስነሣለሁ፤
እንጀራዬ ነው።