ያልተለየ

ሐኪም ተቻኩሎ የሞነጫጨረው
ከጠረጴዛዬ ሲደርስ ቁጥር ነው።
ወባ ቁጥር አላት፣ ታይፎይድም የራሱ፤
ከታንኳ ለወደቁ፣ በእሾህ ለተበሱ፤
ጉማሬ ለነከሰው እንኳ፣ ላይታመን፣
ተቀራራቢ አለ። (ፈልጌዋለሁ፣ አምና፣ አንድ ቀን።)

ነሐሴ ነው። ሰኞ። ቆርቆሮው ይጮኻል።
አንድ ካርድ መጣ፣ ጠርዙን ውሃ ነክቶታል፣
ወረቀቱ ራሱ ሐይቅ የዋኘ ይመስላል፦

አንጓች ቢተው። ሠላሳ አራት ዓመት። ዘጌ።
እንጨት ሻጭ። ድካም። ማዞር።
ደረጃ ስትወጣ የልብ መምታት።
ስልክ፦ የላትም፤ በጎረቤት ይጠየቅ።

ሐኪሙ ከግርጌ «የቀይ ደም ሴል መዛባት»
ብሎ፣ ነጥብ አድርጎ፣ ፈርሞ ሄዷል።
ምን እንዳዛባው ግን ማን ጠይቆት ያውቃል?
ፊርማው ከምርመራው ሁለት እጥፍ ይረዝማል።

ላቦራቶሪ ወረድሁ። ሽታሁን እንዳጎነበሰ ነው፣
ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ጋር የሰፋው ይመስል።
«ያየሁትን ጻፍሁ፤ ያላየሁትን ምን ላርግ?
ኬሚካሉ ካለቀ ወር ሆነው።
ና፣ ራስህ እይ።»

አየሁ።
ማዕበል ያደረበት ወደብ፣ ከላይ ሲታይ፦
እኩል ያልሆኑ ታንኳዎች፣
አንዱ ጭነት የበዛበት፣
አንዱ ባዶውን የሚዋልል፣
አንዱ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ እስከ ወገቡ የሰጠመ፤
ጥቂቱ ደግሞ አንድ ጎኑ ሾሎ የተንጠባጠበ።
«እንባ መሳይ ነው የሚባለው» አለኝ ሽታሁን፣
«በሙያው ቋንቋ።»
ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ወደ ወንበሬ ተመለስሁ። መጽሐፉን ገለጥሁ።
የብረት እጥረት? አልተጻፈም። ትል? አልተጻፈም።
ከወላጅ የመጣ? ማን ጠይቋት።
መገመትስ እችል ነበር፤ ግን ክልክል ነው፤
ኮድ ሰጪ የተጻፈውን እንጂ የጠረጠረውን አይጽፍም።
ስለዚህ ከመጨረሻዎቹ ገጾች፣
ስም ያጣ ሕመም ሁሉ ከሚያድርባት ጎጆ፣
አር፣ ሰባ አንድ፣ ነጥብ ስምንት፦
ሌላ የቀይ ደም ሴል መዛባት፤
ዓይነቱ ያልተለየ።

ማታ በሐይቁ ዳር ሳልፍ
ሴቶች እንጨት ያወርዳሉ። አንዷ ሸክሟን ሳትፈታ
ከድንጋዩ ደረጃ መሐል ቆመች።
«ታርፋለች» አለ ቀዛፊው።
እኔ ግን ደም ሲቆጠር ሰማሁ፤
ሲጎድል፣ እንደገና ሲቆጠር።
(አንጓች ትሁን አትሁን አላውቅም። የማውቀው ካርዷን ነው።)

ቀጠሮዋ ጳጉሜን ሦስት ነበር። ሩፋኤል።
ልጆች ግቢው ውስጥ ራቁታቸውን በዝናብ ሲሮጡ
ስሟ ተጠራ፤ ሁለቴ፤
ከዚያ የሚቀጥለው ስም ተጠራ።
መስከረም፣ እምቦጩ ወደቡን አለበሰው።
ቀዛፊዎቹን ጠየቅሁ፦ «አንጓች ቢተው?»
«የቷ አንጓች?» አሉኝ፤ «ዘጌ ስንት አንጓች አለች!»
እዚያም፣ ውሃው ላይ፣ አልተለየችም።

ጥቅምት፣ ወይዘሮ እታገኝ ሪፖርቱን ጨብጠው መጡ፦
«ያልተለየ፣ ያልተለየ፣ ያልተለየ!
ምነው፣ እዚህ ክፍል ሰው አይለይም?»
ዝም አልሁ።

በኛ አገር ሲሞት «ተለየን» ይላል ሰው፤
ይህን ቃል ደግሜ እያገላበጥሁ ሳየው፣
ሐኪሙ ያልቋጨው፣ ሽታሁን ያልደረሰው፣
ሁለት ወር የቆየው፣ እኔ የማቆየው፣

እርሳሴን ቀረጽሁ።
ከቃሉ ጫፍ አንዲት ፊደል ጨመርሁ፣
ደንቡ የማያውቃት፦ «ች»።

ያልተለየች።

ኦዲት ሲመጣ የፊደል ስሕተት ነው ይበል።
የዘጌው ጀልባ ጥሩምባውን ነፋ።
ካርዷን ከክምሩ ላይ፣
ከሁሉ በላይ፣ አድርጌዋለሁ።