ስምንት ሽቦ

ቢቸና ኮሌጁ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
አሥራ አራት ኮምፒውተር ባንድ ክፍል ቢገባ፣
ዘጠኙ ይሠራል፣ አራቱ ይተኛል፣
አንዱ፣ መብራት ሲመጣ፣ ብቻውን ይጮኻል።

እኔ እዚያ አስተምራለሁ። ሰባት ዓመት ሆነኝ።
«ብቁ ናት» የሚለው ወረቀት ግን የለኝ።
ሁለት ጊዜ ቀርቤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤
ተማሪዎቼ ሲያልፉ በጭብጨባ ሸኘሁ።
«ዘንድሮስ ይሳካል» ይለኛል ዲናችን፣
እኔን ሳይሆን ባይኑ እያየ ግድግዳውን።

የዝና ከሉማሜ የመጣችው ልትጽፍ
ማመልከቻ ለሰው፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ፤
ይርሳው ስልክ ሊጠግን፣ ሱቅ ሊይዝ ደጀን ላይ፤
ሁሉም አንድ ወረቀት፣ ማኅተም ያለው፣ ሊያይ።

አንሙት ከዲማ ነው፣ ከቅኔ ቤት መጥቶ፣
ጉባኤ ቃና ቆጥሮ፣ ዘአምላኪየ ገብቶ፣
ሚበዝኁ ሲደርስ ጥሎ ወጣ አሉኝ፤
ምክንያቱን አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁኝ።
«የኔታ» ይለኛል፤ ክፍሉ በሳቅ ሲያልቅ
እሱ አይስቅም፤ ቆሟል፣ ጥያቄ ሊጠይቅ።

ማውሱን መጀመሪያ እንደ ጫጩት ያዘው፣
እንዳይሞትበት ፈርቶ ጣቱን አላላው።
ኬብል ስንልጥ ግን እጁ ሌላ ሆነ፤
ስምንቱን ሽቦ ለየ፣ አቃና፣ መጠነ።
«ሰሙ ፕላስቲኩ ነው፣ ወርቁ ውስጥ ነው» አለኝ፤
«መዳብ ነው። ወርቅ ቢሆን እዚህ ባላገኘኸኝ።»

ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣
ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣
ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣
ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ።

ይህን በቃሉ ያዘ ባንድ ከሰዓት በኋላ፤
ለጓደኞቹ ሁሉ አደረገው ቀፀላ።

መብራት በሌለ ቀን ካርቶን አወጣለሁ፣
ኪቦርዱን በማርከር ስዬ አስቀምጫለሁ፤
ጣቶች ካርቶኑ ላይ ሲወርዱ ጠብ ጠብ፣
ክረምት የገባ ይመስላል መስኮቱ አጠገብ።

በዚያው ቀን ጠየቀኝ፤ «የኔታ፣ ቅኔ ቤት
ሰው ነው የሚመሰክር፣ ቆሞ በጉባኤ ፊት።
ወረቀት ሲመሰክር አፉ የት ላይ ነው?»
ሳቅሁኝ። ማታ ግን እንቅልፌን የወሰደው
እሱ ነበር።

ግንቦት ሲኦሲ መጣ። መዛኙ ከማርቆስ፣
ሰዓቱን እያየ፣ ሰላምታ ሳይመልስ።
ክፍል ስለጠበበ ባንድ ደረደሩን፣
አንድ መስኮት ሥር፣ እኔንና ተማሪዬን።
ሰርቨሩን ጫንኩና መረቡን ዘርግቼ፣
ሴቭ ላደርግ ስል፣ ጣቴን ከማውሱ አንሥቼ፣

መብራት ሄደ።

ዘጠኙም ስክሪን ባንዴ ዐይኑን ጨፈነብን፤
ዝናብ ያዘለ ደመና መስኮቱን ከደነብን።
«ሰዓት አይቆምም» አለ መዛኙ። ሌላ የለም።
የኔ እጅ ጭኔ ላይ ቀረ፤ ለምን አላውቅም።

አንሙት ተነሣና ሽቦውን ይዞ ሄደ፣
በቀረችው ብርሃን ቀለሙን አዛመደ፤
ቆረጠ፣ ሰደረ፣ ክሪምፐሩን ጨመቀ፤
ድምፅ የሌለው ቀፀላ ከከንፈሩ ዘለቀ።

መሞከሪያዋ በባትሪ ነው። ገመዱን ሰካባት።
የጥፍር ታህል መብራት፣ ሁላችን አየናት።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራት። አምስት። ስድስት።
ሰባት ላይ ትንፋሼ ቆመ።

«ስምንት» አለ መዛኙ፣
ሳያስበው፣ ጮክ ብሎ።
አፉን ያኔ አየሁት።

የኔው ስክሪን ጥቁር ነው። ፊቴን አየሁበት።

ውጤት በሐምሌ ወጣ፣ በሩ ላይ ተለጥፎ፣
ዝናብ ዳር ዳሩን አርሶ፣ ቀለሙ ፊደል አልፎ።
የፈለግሁት የሱን ነው፤ አንሙት ልየው፣ «ብቁ»።
ልጆቹ ከኋላዬ አጨበጨቡ፣ ሳቁ።

ሁለተኛው ገጽ ግን ታጥፏል፣ በራሱ ላይ ተጣብቆ፤
ጥፍሬን አስገባሁበት፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ
እጄ፣ ገና ሳይገልጠው፣ በዝግታ፣ በዝግታ፣
እሱ ከጎኔ መጥቶ፦

«የርስዎስ፣ የኔታ?»