ጥምቀተ ባሕር በጥቅምት

ካሌንደሩ ያረጀ ነው፤ የኢንሹራንስ ስጦታ፣
ዓመቱ ካለፈ ቆየ፤ እሱ ግን አለ በቦታ።
ቀን የሚቆጥርበት የለም፤ የሰቀልነው ለሥዕሉ ነው፦
ጣራው ቀይ፣ ቤቱ በቤት ላይ፣ ዳገት የተንጠላጠለ ከተማ፣
እግሩን ባሕር የሚነክረው።

ትርንጎ ልብስ ስትተኩስ ዐይኗ እዚያ ይቀራል፤
የሸሚዜን ኮሌታ አቃጥላ «ባሕሩ ነው» ብላኝ ታውቃለች።
«አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ብያት ነበር በሙሽርነታችን።
ጎሚስታ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጎማ ነፋሁ፤
በእኔ ነፋስ ስንቱ አገር ዞሮ ገባ፣
እኔ ግን ከበራፌ አልጠፋሁ።

ዘንድሮ ዕቁብ ወጣልኝ። ቆጠርኩት፤ ደግሜ ቆጠርኩት።
ለባሕር አይበቃም፤ ለጎንደር ግን፣
ከሁለት ሌሊት አልጋ ጋር፣ እንደምንም አብቃቃሁት።
«ተራራ አለው?» አለች። «ሞልቷል» አልኳት።
«ባሕርስ?»
ትንሽ ዝም አልኩ።
«አለው።»
ስሙን ነበር ያሰብኩት፤ ስለ ውኃው ማን ጠየቀ?

ከአዳማ ጎንደር፣ በአውቶቡስ፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣
እግራችን አብጦ፣ በአንድ ትራስ ተራ በተራ ተኝተን፣
አዘዞን ስናልፍ ከመቀመጫዋ ቀና አለች፤
ከተማው ከጉብታ ወደ ጉብታ ሲዘል አየች።
«ይኸው ዳገቱ፣ ይኸው ጣራው» አለች በጣቷ እየለካች፤
ከዳገቱ ግርጌ ያለውን ግን ዝም ብላ ፈለገች።

ጎንደር ሜዳ የሚባል ነገር አያውቅም።
ወደ ቁርስ ዳገት ነው፣ ወደ መድኃኒት ቤት ዳገት ነው፣
ቁልቁለቱም ቢሆን አያሳርፍም።
ፒያሳ ላይ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ
«እነዚህ ነገሥታት ጉልበት አልነበራቸውም?» ብትል፣
«ነበራቸው እንጂ፣ የበቅሎ!» አላት አንድ ሊስትሮ፣ ቡሩሹን ሳያቆም።

ግንቡን ዞርን። አስጎብኚው ዓመተ ምሕረት ይደረድራል፣
እሷ በመስኮት አጮልቃ
«ልብስ የሚያሰጡት የት ነበር?» አለችው።
ያን የሚያውቅ ጠፋ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንደርስ በባጃጅ ሒሳብ ተኳርፈን ነበር።
ቀና ብንል ጣራው ዐይን ብቻ፤ መላእክት ከዳር እስከ ዳር
ቁልቁል ያዩናል።
ሳትታረቀኝ እጇን ወደ እጄ አስጠጋች፤
«ይታዘቡናል» አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቀሃ ወረድን። በሩ ላይ ቆምኩና
«ይኸው» አልኩ፣ «ጥምቀተ ባሕር»።
ዛፎቹ ሥራቸውን በግንቡ ላይ እንደ ጣት ዘርግተዋል፤
ሕንፃው በቅስቶቹ ቆሟል፤ ደረጃው ወደ ታች ይወርዳል፤
ገንዳው ግን ደረቅ። ቅጠል። የልጅ ነጠላ ጫማ፣ አንድ እግር።
መሐሉን አቋርጣ የምትሄድ ድመት።
«ውኃው የሚገባው በጥር ነው» አለ ጠባቂው።
እኛ በጥቅምት።

ላብ አጠመቀኝ። ያን ሁሉ ዘመን ነፍቼ ነፍቼ
ያሳየኋት የተነፈሰ ባሕር!
ትርንጎ ዳሩ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ወደ ባዶው ለቀቀች፣
ብዙ ቆየች።
«ይሻላል» አለች። «ዋና እንደሆነ አልችል።»

ማታ ጎሃ ላይ፣ አንድ ቢራ ለሁለት፣ ከተማውን ቁልቁል እያየን፣
መብራት ሄደ።
ሁሉም ሰመጠ፦ ግንቡም፣ ፒያሳም፣ የተከራከርንበት አልጋም፤
ከጨለማው በላይ የቀረው የጉብታው አናት ብቻ፤
ጄኔሬተር ያላቸው ሁለት ሦስት ቤቶች
እንደ ታንኳ ፋኖስ፣ አንዴ ደመቅ አንዴ ፈዘዝ፤
ከማዶ፣ ከዳርቻው፣ ውሻ ይጮኻል።
ማናችንም ስሙን አልጠራንም። ክርኗ ክርኔን ነካ።
መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ «ሆ!» አለ፤
እሷ ግን፣ ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ፣
«ምን አስቸኮላቸው?»

አዳማ ገባን። ሙቀቱ በሩ ላይ ጠበቀን።
ካውያዋን ሰካች፤ ሸሚዜን ዘረጋች፤
ካሌንደሩን አሁንስ ታወርደዋለች ብዬ ስጠብቅ
ጠጋ ብላ፣ እንደ አገሩ ሰው፣ አየችው፤
«ባሕሩስ ደኅና» አለች፣
«ግንቡ የታለ?»